ሳራቺኔስካው ላይ የተሰቀለው ኮፍያ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ኢንጂነር ቤቴ ድረስ መጥታ ቀጭን ጥራዝ ሰጠችኝ። ሰላማዊት ትባላለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ በእሷ ላይ ምንም ቂም የለኝም። ዕድሜዬን የጨረስኩበት የነዳጅ ዲፖ ለአዳዲስ ሠራተኞች ማሠልጠኛ የሚሆን የቃላት መፍቻ ሊያሳትም ነው አለች። ሽፋኑ ላይ «የነዳጅና የጋዝ ቧንቧ መስመር መሠረታዊ ቃላት» ይላል። «ጋሼ፣ የአቃቂን መስመር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም ብለውኝ ነው፤ ከመታተሙ በፊት አንዴ ይዩልን» አለችኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምክሬን የጠየቀኝ የሰፈራችን የቧንቧ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሱም ሰምቶኝ አያውቅም።

መነጽሬን አድርጌ ቁጭ አልኩ። «ፍላንጅ፦ ሁለት ቧንቧዎች በቡሎን የሚገናኙበት ቀለበት» ይላል። ደህና። «ጋስኬት፦ በሁለት ፍላንጆች መካከል ገብቶ ነዳጅ እንዳያፈስ የሚያደርግ»። ይሁን። እኛ ሳራቺኔስካ የምንላት፣ መሪ የመሰለ ክብ እጀታዋን እያዞርክ የምትከፍታትና የምትዘጋት፣ «ጌት ቫልቭ» ተብላለች። እሱንም ቻልኩት፤ ስም ይለወጣል። ወደ መጨረሻው ስደርስ ግን ደሜ ፈላ።

«የቫልቭ ምልክት ሥርዓት» ይላል። «አንድ ሠራተኛ የዘጋውን ቫልቭ ሌላ ሰው እንዳይከፍተው የራሱን ምልክት የሚያንጠለጥልበት አሠራር። በዲፖው ይህን ሥርዓት ያስጀመሩት የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ አቶ ዘሪሁን ናቸው።»

ጮህኩ መሰለኝ፤ ባለቤቴ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። «ምነው አበራ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! የሰው ላብ ሰርቀው በመጽሐፍ ሊያወጡት ነው!»

«በል ደም ግፊትህን አታስነሳው» ብላኝ ተመለሰች። እሷ ምን ታድርግ፤ ይህን ነገር ለእሷም ነግሬያት አላውቅ። አሁን ለሁላችሁም ልንገራችሁ። ዘሪሁንን በሥራ ላይ ሳለሁ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንቱ ብዬዋለሁ፤ ይበቃዋል።

አቃቂ ያኔ የባቡር ከተማ ነበረች። ሰው ቀጠሮ የሚይዘው በባቡሩ ፉጨት ነው። ከጅቡቲ ነዳጅ የጫኑ ፉርጎዎች ሲመጡ ከዋናው ሐዲድ ተገንጥለው ወደ ዲፖው ግቢ ይገባሉ። በወፍራም ጎማ ከቧንቧችን ጋር ይያያዛሉ፣ ፓምፑ ይነሳል፣ ነዳጁ እየተገፋ በቧንቧው ወደ ታንኮቹ ይሄዳል። ሥራችን ይኸው ነው። ለሰው ሲነግሩት «በቃ፣ ይሄው ነው?» ይላል። አዎ፣ ይሄው ነው፤ አንዷን እጀታ ያለጊዜዋ ካላዞርካት።

እኔ የመጣሁት ከክር ፋብሪካው ነው፤ እዚያ የእንፋሎት ቧንቧ እጠግን ነበር። ዲፖው ትንሽ ይሻላል ሲሉኝ ተዛወርኩ። ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። በመጀመሪያው ቀን ያስረከቡኝ ለመስመር አለቃው ለጋሽ ቶሎሳ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቡናማ የሱፍ ኮፍያ ከራሳቸው የማይጠፋ ሰው። የዚያው የአቃቂ ገበሬ ልጅ ናቸው። ዲፖው የተሠራው አባታቸው ከብት ያሰማሩበት በነበረው ሜዳ ላይ ነው። «ትልቁ ታንክ የቆመው በሬዎቻችን የሚተኙበት ጋ ነው» ይሉ ነበር፤ ሳይማረሩ፣ እንዲሁ አድራሻ እንደሚናገር ሰው። ትምህርታቸው አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነው። መስመሩን ግን በመዳፋቸው ያነቡታል።

እውነቴን ነው፣ በመዳፋቸው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ከሐዲዱ ጀምረው ቀኝ እጃቸውን ቧንቧው ላይ አሳርፈው እስከ ታንኮቹ ይሄዳሉ። ባዶ ቧንቧ ፀሐይ ሲነካው ቶሎ ይሞቃል፤ ነዳጅ የያዘ ግን እንደቀዘቀዘ ይቆያል። ባዶ መሆን የሚገባው ቧንቧ እጃቸውን ከቀዘቀዘው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። «እዚህ ውስጥ ያልተጠራ እንግዳ አለ» ይላሉ። ተሳስተው አላየሁም።

ሳራቺኔስካ ስትዘጋ ደግሞ ዝም ብለህ ጥርቅም አታደርጋትም። እስክትቆም ታዞራለህ፤ ከዚያ ሩብ ዙር መልሰህ ትከፍታለህ፤ ነዳጁ ሽው ብሎ ሥሯ የተቀመጠውን አሸዋ ያጥባል፤ ከዚያ ትዘጋለህ። አሁንም አላለቀም። የመፍቻውን አንድ ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሮህ ላይ ታደርጋለህ። ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍ ነገር ካለ ሲፏጭ ትሰማዋለህ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ዘግቻለሁ» ብዬ ስጮህ ከነመፍቻቸው መጥተው፣ «ዘጋሁ አትበለኝ። ዘግቼ ሰማሁ በለኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሳልሰማ ዘጋሁ ብዬ አላውቅም።

እንግዲህ ኮፍያው። የእኛ ሳራቺኔስካዎች ክፍት ይሁኑ ዝግ በማየት አይለዩም፤ እጀታዋ ያው እጀታ ናት። እና ጋሽ ቶሎሳ አንድን መስመር ዘግተው ከታች ሲጠግኑ ኮፍያቸውን እጀታዋ ላይ ይሰቅላሉ። «እጄ እዚህ አለ፣ አትንኩ» ማለታቸው ነው። ቀስ በቀስ የሁላችንም ሕግ ሆነ። የእያንዳንዱን ሰው ኮፍያ እናውቃለን፤ የፓምፕ ሠራተኛው የደምሴ ቀይ የሹራብ ቆብ ናት፣ የእኔ ከፋብሪካ ይዣት የመጣሁት ሰማያዊ። ኮፍያ ካለበት አይነካም። ኮፍያ ከሌለበት ነፃ ነው። የሰቀለው ሰው ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ሌላው ቢሞት አያነሳም። አንዴ ጋሽ ቶሎሳ ወባ ይዟቸው ኮፍያቸውን እንደሰቀሉ ወደ ቤት ሄዱ። በማግስቱ ነዳጅ ሊገባ ነው፣ ኮፍያው እዚያው ነው። ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? ጋሪ ልከን፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ መጥተው በገዛ እጃቸው አነሱት። ደምሴ «ቅማሏም ሳትነካ ተረከቡ» አላቸው። በበሽታቸው መሀል ሳቁ።

ይህን ሁሉ ነው ዘሪሁን የጀመረው!

ዘሪሁን ከዋናው መሥሪያ ቤት ተሹሞ ሲመጣ ጫማው ላይ ፊት ይታያል። በመጀመሪያው ቀን ግቢውን ዞረና እጀታዎቹ ላይ ሦስት ኮፍያ ሲያይ፣ «ይሄ ዲፖ ነው ወይስ ልብስ ማስጫ?» አለ። ቃል በቃል ነው የነገርኳችሁ። ወዲያው አንድ አረንጓዴ ቅጽ አሳተመ፤ ቫልቭ የዘጋ ሰው ቢሮ ሄዶ ይፈርማል። ጋሽ ቶሎሳ አልተቃወሙም። «ጌታዬ፣ ወረቀቱንም እንፈርማለን፣ ኮፍያውም ይሰቀላል። ወረቀቱ ቢሮ ነው ያለው፤ ቫልቩ ግን እዚህ ነው» አሉት። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያስበላቸው፤ ዘሪሁን የሳቀውን ሁሉ በዐይኑ ሲቆጥር አይቼዋለሁ።

ክረምቱ የወጣበት ሰሞን ነው። ጠዋት ነበር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች በባቡር ሊመጡ ነው ተብሎ ግቢው ሲጠረግ አድሯል። በዚያው ጠዋት ከታንኮቹ ጀርባ፣ በአጥሩ በኩል፣ የናፍጣው መስመር ፍላንጅ ላይ ጋስኬቱ ተበልቶ ያንጠባጥብ ጀመር። ጋሽ ቶሎሳ ፓምፑ አጠገብ ያለችውን ሳራቺኔስካ ዘጉ፣ ኮፍያቸውን ሰቀሉ፣ ቧንቧው ውስጥ የቀረውን በባልዲ አፈሰሱና መፍቻቸውን ይዘው ሄዱ። ቧንቧው እዚያ ጋ ከሰው ቁመት በላይ ነው የሚያልፈው፤ መሰላል ላይ ወጥተው ቡሎኖቹን መፍታት ጀመሩ። ከፓምፑ ጋ ሆነህ አታያቸውም።

ዘሪሁን ከቢሮው ብቅ አለ። ያገኘው እኔን ነው። «አንተ! እነዚህን ጨርቃ ጨርቆች አሁኑኑ አንሳልኝ!»

ሳጥን ይዤ ዞርኩ። የእኔን አነሳሁ። ከጋሽ ቶሎሳ ኮፍያ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። «ጌታዬ፣ ይቺ የጋሽ ቶሎሳ ናት። ሥራ ላይ ናቸው፤ ጠርቻቸው እርሳቸው ያንሷት» አልኩት።

«እዚህ የማዝዘው እኔ ነኝ ወይስ ቶሎሳ?»

አነሳኋት። ሳነሳት ሌላው እጄ እጀታዋ ላይ ነበር፤ ጥብቅ ብላ ተዘግታለች፣ ንቅንቅ አትልም። ይህቺን ያዙልኝ። ሮጬ ልነግራቸው ዞር ስል፣ «ወዴት ነው? ሳጥኑን ግምጃ ቤት አስገባና በር ላይ ቁም፣ እንግዶቹ ደርሰዋል!» አለኝ። እሺ አልኩ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ መንገድ ነበር። ሰተት ብዬ ሄጄ በር ላይ ቆምኩላችሁ፣ እንደ ሐውልት።

ለካ ዘሪሁን ደምሴንም አግኝቶት ኖሯል። «እንግዶቹ ሲገቡ ፓምፑ ሲሠራ ይዩ» ብሎታል። ደምሴ መጣ፣ እጀታዋን አየ፤ ኮፍያ የለም። በእኛ ሕግ ነፃ ናት። ከፈተ፣ ፓምፑን አስነሳ።

ጩኸቱ ከታንኮቹ ጀርባ መጣ። ስደርስ ናፍጣው ከፍላንጁ እየተፈናጠረ ነው። ፊታቸውን መትቶ ከመሰላሉ ጥሏቸዋል፤ ሲሚንቶው ላይ በወገባቸው ነው የወደቁት። ደምሴ ወዲያው ዘጋ፤ ግን የፈሰሰው ፈሷል፣ በቦዩ ከአጥሩ ሥር ወጥቶ ወደ ወንዙ እየሄደ ነው። ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ዐይናቸው አይገለጥም። የመጀመሪያ ቃላቸው ምን ነበር መሰላችሁ?

«ኮፍያዬን ማን አነሳው?»

ፊታቸውን በሸሚዜ ጠረግኩ፤ «እኔ» አላልኩም።

አንድ ዐይናቸው ጠፋ፤ ሌላው ተረፈ ቢባልም በደንብ አያይም። ዳሌያቸው ተሰብሮ በምርኩዝ ቀሩ። ናፍጣው የሄደበት ወንዝ የገዛ ሰፈራቸው ሰው የሚቀዳበት ነበር። ከብቱ አልጠጣም አለ፣ ሴቶቹ እንስራ አዝለው ሩቅ ይሄዱ ጀመር። ይሄ ሁሉ በማን ተሳበበ? በቶሎሳ ቸልተኝነት!

አጣሪ ኮሚቴ መጣ፤ ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛ። ዘሪሁን ዐይኑን በጨው አጥቦ፣ «ቫልቩን ሳይዘጋ ነው ፍላንጁን የፈታው፤ ቅጹንም አልፈረመም» አለ። ደምሴ አምስት ልጅ አለው፣ ፈራ። «እኔ አልከፈትኩም፣ ክፍት ሆኖ ነው ያገኘሁት» አለ። ጋሽ ቶሎሳ ዐይናቸው እንደታሸገ ወንበር ላይ ናቸው። «ዘግቼ ሰምቻለሁ። ኮፍያዬን ሰቅያለሁ» አሉ። «ኮፍያህ የት አለ ታዲያ?» ተባሉ። ያን ሽማግሌ አንተ እያሉ ነው የጠየቁት! ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቫልቩ ላይ ኮፍያ አይተሃል?»

ዘሪሁን ከኮሚቴው ጀርባ ቆሞ ያየኛል። ጋሽ ቶሎሳ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። አፌን ከፈትኩ፤ «አላስተዋልኩም» አልኩ።

አንዲት ቃል። ጻፉት፣ ፈረምኩ። ጋሽ ቶሎሳ ፊታቸውን ቀስ ብለው መለሱ። ተባረሩ። የመስመር አለቃ ማንን አደረጉ? እኔን። ተቀበልኩ? ተቀበልኩ እንጂ! አፈር ልብላ፣ የሹመቱን ቀን እጅ ነስቻለሁ።

ዓመት ሳይሞላ ዘሪሁን ቁጥር የተጻፈባቸው ቆርቆሮዎች አሠርቶ፣ ቫልቭ የዘጋ ሰው ቆርቆሮውን እጀታው ላይ ይስቀል ብሎ ደነገገ። ልብስ ማስጫ ብሎ የሰደበውን! ዋናው መሥሪያ ቤት አጨበጨበለት፣ ከዓመታት በኋላም ወደ ላይ ተሾመ። ከእሱ በኋላ አራት ሥራ አስኪያጅ አይቻለሁ፤ ደግም ነበሩ ክፉም ነበሩ። ድሬዳዋም ተልኬ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። የሄድኩበት ሁሉ መዳፍ ቧንቧ ላይ ማሳረፍን፣ በመፍቻ ማዳመጥን አስተምሬያለሁ። «ከማን ተማርከው?» ሲሉኝ «ከልምድ» እላለሁ። ይኸው፣ ሌባ ሌባ ስል የቆየሁት ሰውዬ እኔም ያው ነኝ። ባቡሩ ቆመ፣ ነዳጁ በቦቴ መምጣት ጀመረ፣ በሐዲዱ መሀል ሣር በቀለ፤ እኔም ጡረታ ወጣሁ።

ደምሴ ሊሞት ሰሞን ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ልጆቹን አስወጣና፣ «ዘጠኝ ዙር ነው የከፈትኳት፣ አበራ። ዘጠኝ» አለኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ኮፍያዋን አደጋው በደረሰ ዕለት ከግምጃ ቤቱ ሳጥን አውጥቼ ቱታዬ ውስጥ ሸጉጬያት ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም ራሴን። ከዚያ ወዲህ ያለችው ከልብስ ሳጥኔ ሥር ነው።

መጽሐፉን ባነበብኩ በማግስቱ በፌስታል ይዣት ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። ጋሽ ቶሎሳ ከልጃቸው ከጫልቱ ጋ ኮንዶሚኒየም እንደሚኖሩ አውቅ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በሥሩ በታክሲ አልፌያለሁ። ጫልቱ በር ከፈተች። አባቷ መስኮት አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከስተው አልቀዋል። «እንዴት ዋሉ ጋሼ» ከማለቴ፣ «አበራ ነህ» አሉ። «ድምፅህን አውቀዋለሁ።»

ኮፍያዋን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው ጠርዟን ዞሩ፣ ውስጧን ዳሰሱ። ሁሉንም ተናገርኩ። ዘሪሁንን፣ ሳጥኑን፣ «አላስተዋልኩም» ያልኩትን። ሲሰድቡኝ ጠበቅኩ። በምርኩዙ ይምቱኝ ብዬ ሁሉ ተመኝቻለሁ። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ሌላ ነው።

«ዘግቻት ነበር?»

«ዘግተዋት ነበር ጋሼ። እጄን ጭኜባታለሁ፣ ንቅንቅ አትልም ነበር። ደምሴም ሊሞት ሲል ነግሮኛል፤ ዘጠኝ ዙር ነው የከፈታት።»

«ዘጠኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ከዝግ እስከ ክፍት ሙሉ ዙሯ ዘጠኝ ናት።» መዳፋቸውን ኮፍያዋ ላይ ዘረጉ። «ይሄን ሁሉ ዘመን እጄን ስጠረጥረው ኖርኩ እኮ። ምናልባት ያን ቀን ሳልሰማ ይሆን፣ ምናልባት አሸዋ ይዟት ይሆን እያልኩ። የሰፈሩን ውሃ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነው የተቀመጥኩት።»

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ዐይናቸውን፣ ዳሌያቸውን፣ እንጀራቸውን መውሰዳችንን አውቅ ነበር። ያን መዳፍ እንደወሰድንባቸው ግን አላውቅም ነበር።

«ጫልቱ፣ ኮቱ!» ብለው በኦሮምኛ ነይ አሏት። ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች መጣች። «ንገራት» አሉኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ ዐይኗ ቀልቷል።

«እናቴ ውሃ ፍለጋ ስትሄድ ሴቶቹ የባልሽ ሥራ ነው እያሉ ከመንገድ ያስወጧት ነበር። በዚሁ እንደተሸማቀቀች ሞተች። እርስዎ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?»

ባዶውን ፌስታል አጥፌ ተነሳሁ። ይቅርታም አልጠየቅኩም፤ ከጠየቅኩ ደግሞ እነሱን ላስጨንቃቸው ነው። ስወጣ ጋሽ ቶሎሳ ኮፍያዋን አድርገዋታል፣ ሰፍታቸዋለች።

ትናንት ሰላማዊት ጥራዙን ልትወስድ መጣች። የዘሪሁንን ስም በቀይ ሰርዤ የጻፍኩትን አነበበች፣ ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ይህን አለቆቼ የሚቀበሉት አይመስለኝም። የቃላት መፍቻ እኮ ነው» አለች።

«እንግዲያው ሌላው ቃል ሁሉ ይቅር፣ እሱ ብቻ ይታተም» አልኳት። ጥራዙን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ የሚያደርጉትን እናያለን። እነሱ ባያትሙት እኔ እዚህ ጽፌዋለሁ፦

የቫልቭ ምልክት ሥርዓት፦ የዘጋኸውን ቫልቭ ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ኮፍያህን የምትሰቅልበት አሠራር። የጀመሩት የመስመር አለቃው ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ኮፍያቸውን ያነሳሁት እኔ አበራ ነኝ። ቫልቩን ዘግተውት ነበር።